የትኋን ተማኝ ነበርኩ

ሰው ከመሥሪያ ቤት፣ ከውትድርና፣ ከማስተማር ጡረታ ይወጣል። እኔ የወጣሁት ከትኋን ነው። ደሴ ያለ አንድ የሳንባ ሐኪም ደረቴን ከፊትም ከኋላም ካዳመጠ በኋላ ሥራዬን ጠየቀኝ። ቤት ለቤት እየዞርኩ ተባይ እንደማጠፋ ነገርኩት። ማዳመጫውን ከጆሮው አወለቀና፣ «እንግዲህ ከአንተና ከትኋኑ አንዳችሁ ሥራ ማቆም አለባችሁ» አለኝ። ትኋን ሥራ ሲያቆም አይቼ ስለማላውቅ እኔ አቆምኩ።

ጡረታ ያልኩት ለወጉ ነው። በግሉ ለሚሠራ ሰው ሸኚ ኮሚቴ አይቋቋምም፤ ካባ የሚያለብሰውም የለም። የመርጫ ፓምፔን አጥቤ ምስማር ላይ ሰቀልኩት፤ አለቀ። ከዚያ ወዲህ ግን መካነ ሰላም ከተማ ውስጥ መቶ እርምጃ ሳልጠየቅ መሄድ አልቻልኩም። «አያሌው፣ ለሦስት ክፍል ቤት ስንት ያስወጣል?» ይሉኛል፤ ከባጃጅ ውስጥ አንገታቸውን አውጥተው፣ ከቤተ ክርስቲያን ሲወጡ፣ አንዳንዴም ለቅሶ ላይ እንደተቀመጥን። የሚፈልጉት ቁጥር ነው። ጤፍ በኪሎ እንደሚሸጥ ትኋንም በክፍል የሚሸጥ ይመስላቸዋል። ይህን የምጽፈው ለሁሉም አንድ ጊዜ መልሼ ለመገላገል ነው። መልሱ ግን አጭር አይደለም። እኔ ራሴ እስክማረው ብዙ ዓመትና አንድ ትልቅ ውርደት ፈጅቶብኛል።

ሥራ የጀመርኩት በግብርና ባለሙያነት ነው። መጀመሪያ አጅባር፣ ቀጥሎ ከላላ፣ ከዚያ ወግዲ ተመደብኩ። በወረቀት የሰብል ጥበቃ ሠራተኛ ነበርኩ፤ በተግባር የነቀዝ፣ የአይጥና የምስጥ ጉዳይ አስፈጻሚ። የአጅባሩ አለቃዬ ሪፖርት የሚወድ ሰው ነበር። አንድ ጊዜ የአንድ ገበሬ ጎተራ በነቀዝ መወረሩን ጽፌ ባቀርብለት፣ «ስንት ነቀዝ?» ብሎ በቀይ እስክሪብቶ መለሰልኝ። «ብዙ» ብዬ ጻፍኩ። «ብዙ ቁጥር አይደለም» ብሎ ደግሞ መለሰው። በሦስተኛው ቀን ከራሴ ፈጥሬ አንድ ቁጥር ሰጠሁት፤ ደስ ብሎት ማኅተም መታበት። ስለ ቁጥር ያለኝ ጥርጣሬ የጀመረው ከዚያ ማኅተም ነው። የከላላው አለቃዬ በተቃራኒው ምንም አይጠይቅም፣ ምንም አይፈርምም፤ ፊቱ የሚፈካው በቅሎ ላይ ሲወጣ ብቻ ነበር። ስለ ደመወዙ አልነግራችሁም። ብነግራችሁ ለምን ወደ ትኋን እንደዞርኩ ቶሎ ይገባችሁና ታሪኩ እዚህ ላይ ያልቃል።

መካነ ሰላም ተዛውሬ ስመጣ አያ ይማምን አገኘሁ። አያ ይማም በወባ መከላከል ሥራ ቤት ለቤት ሲረጩ ያረጁ ሰው ናቸው። ከዓባይ ቆላ እስከ ደጋው ድረስ ጎንበስ ብለው ያልገቡበት በር የለም፤ ከዚህም ብዛት ይመስለኛል፣ ሜዳ ላይ ሲሄዱ እንኳ ትንሽ ጎንበስ ይላሉ። ከመንግሥት ሥራ ከወጡ በኋላ በግላቸው የቤት ተባይ ያጠፉ ነበር። አንድ ቀን አብሬያቸው አንድ ቤት ገባሁ። በሳምንቱ የመልቀቂያ ደብዳቤዬን ጻፍኩ።

የዚያን ቀን የቤቱ ጌታ በር ላይ ቆሞ፣ «ስንት ያስከፍሉኛል?» አላቸው።

«ውሃ አለ?» አሉ አያ ይማም።

ውሃ መጣላቸው። ጫማቸውን አውልቀው ገቡና በርጩማ ላይ ተቀመጡ። ከኪሳቸው ሙስበሃቸውን፣ እኛ መቁጠሪያ የምንለውን፣ አወጡ። ዓይናቸው ግድግዳው ላይ ቀስ ብሎ ይሄዳል፤ ጣታቸው ፍሬዎቹን አንድ በአንድ ያሳልፋል፤ ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል። የቤቱ ጌታ ወደ ጆሮዬ ተጠግቶ፣ «ምን ያሉ ደግ ሰው ናቸው! ሳይጸልዩ ሥራ አይጀምሩም» አለኝ። እኔም የመሰለኝ እንደዚያ ነበር። ስንወጣ ጠየቅኋቸው።

«ዱዓ እያደረጉ ነበር?»

«አፉ በለኝ፣ ይቅር በለኝ» አሉ። «ስንጥቅ እየቆጠርኩ ነበር።»

የመጀመሪያው ትምህርቴ ይኸው ነው። ዋጋ የሚወጣው በክፍል አይደለም፤ በስንጥቅ ነው። ትኋን ሳሎኑንና መኝታ ቤቱን ለይቶ አያውቅም። የሚያውቀው የብር ኖት ጠርዝ የሚያስገባ ቀዳዳ መኖሩን ነው። ግድግዳዋ የተሰነጣጠቀ አንዲት የጭቃ ክፍል ከአምስት ክፍል የብሎኬት ቤት የበለጠ ቀን ትበላለች። «ታዲያ ድሃው ከሀብታሙ የበለጠ ይክፈል ማለት ነው?» ብዬ አንድ ጊዜ ተሟገትኳቸው። አያ ይማም መልስ የሰጡኝ በሥራ ነበር። በሚቀጥለው የጭቃ ቤት ለባለቤቲቱ፣ «ልጄ፣ በመጀመሪያ ጭቃ በጭድ አቡክተሽ ለስኚው፤ ልብሱን ሁሉ ቀቅዪው፤ አልጋውን ፈታትተሽ ለፀሐይ ስጪው። ከዚያ ጥሪኝ፤ የሚተርፈኝ ሥራ ግማሽ ነው፤ ዋጋዬም ግማሽ ይሆናል» አሏት። ደንበኛ ሥራውን ራሱ እንዲሠራ የሚመክር ነጋዴ ከእሳቸው በፊትም በኋላም አላየሁም። እውነተኛ ግምት ማለት ግን ያ ነበር፤ ቤቱ ራሱ የሚችለውን ለቤቱ ትቶ ለቀሪው ዋጋ መጥራት።

አልጋውን የሚያዩት መጨረሻ ላይ ነው። ገና እንደገቡ አልጋ መግለጥ ባለቤቱን ማዋረድ ነው ይላሉ። መጀመሪያ ስለ አይጥ ይጠይቃሉ፤ ምክንያቱም በአይጥ የሚያፍር ሰው የለም።

«አይጥ አለ?»

«ሞልቷል! ድመቱን ሊበላው ነው!»

«ቁንጫስ?»

«አልፎ... አልፎ።»

«ትኋን?»

«ኧረ ወዲያ! በእኛ ቤት?»

«ፈጥኖ የማለ ብዙ አለው» ይሉኝ ነበር ቆይተው። ከዚያ ሂሳቡ ያለቀ የስልክ ካርድ ከኪሳቸው አውጥተው በአልጋው መጋጠሚያ፣ በፍራሹ ስፌት፣ ከተሰቀለው ፎቶግራፍ ጀርባ ያሳልፉታል። ካርዱ ጫፉ ላይ የቀለም ጠብታ የሚመስል ጥቁር ነጥብ ይዞ ከወጣ ሥራ አለ። ካልጠቆረ የለም። «ካርዱ ካልጠቆረ ውሃህን ጠጥተህ፣ መርቀህ ውጣ» ይሉኝ ነበር። ይህን ቃላቸውን ያዙልኝ፤ ኋላ ላይ ያስፈልገናል።

ሌላም አንድ ልማድ ነበራቸው። ሁሉን አይተው ሲጨርሱ ቤቱን በውጭ አንድ ጊዜ ይዞሩና ደጃፉ ላይ ቆመው ይጠይቃሉ፤ «እዚህ ቤት ውስጥ የሰው ዕቃ አለ? የእናንተስ ዕቃ ሰው ቤት አለ?» እኔ ይህን የሽማግሌ ወሬ ወዳድነት አድርጌ ነበር የማየው። ዋጋ የሚናገሩት መልሱን ከሰሙ በኋላ ብቻ መሆኑን ግን ልብ አላልኩም።

በእነዚያ ዓመታት ሁለት ነገር ተማርኩ። አንደኛው ንባብ ነው። በአገራችን የጭቃ ቤት ግድግዳ ላይ ጋዜጣ ይለጠፋል፤ ትኋን ከጋዜጣ ጀርባ መኖር ይወዳል፤ ስለዚህ ሥራዬ ጋዜጣ መግለጥ ነበር። እውቀቴን የት እንዳገኘሁት ለሚጠይቁኝ ሰዎች እውነቱን ብነግራቸው ግማሹ ከግድግዳ ነው። መጨረሻቸው ከቁም ሳጥን ጀርባ የቀረ ስንት የዓለም ጉዳዮች በሆዴ አሉ! ሁለተኛው ደግሞ ንጽሕና ስለሚባለው ነገር ያለኝን እምነት ጨርሼ ማጣቴ ነው። ትኋን የቆሸሸ ቤት ይወዳል የሚለው ንጹሕ ነኝ ባዮች የፈጠሩት ወሬ ነው። ትኋን የሚወደው ደም ነው፤ ደም ደግሞ የታጠበውም ያልታጠበውም አለው። ሰውን በልብሱና በወንበሩ የማይለይ ፍጥረት ከፈለጋችሁ እሱን ተመልከቱ። ከስንቱ ባለሥልጣን የተሻለ ፍትሐዊ ነው።

የአያ ይማም ጉልበት ሲደክም ሥራው ለእኔ ቀረ። እኔም ዘመናዊ ሆንኩ። ባለ ቀለም የዋጋ ካርድ አሳተምኩ፤ ባለ አንድ ክፍል ይህን ያህል፣ ባለ ሁለት ይህን ያህል፣ ከሦስት በላይ ለሚያሠራ ቅናሽ። በቴሌግራምም ለቀቅሁት። ለአያ ይማም አንዱን ወስጄ ሰጠኋቸው። ክንዳቸውን ዘርግተው አርቀው አነበቡት።

«ማሻላህ! ወረቀቱ ያምራል» አሉ። «ስንጥቁን የቱ ጋ ጻፍከው?»

ሳቅሁ። ሰው ቁጥር እንደሚፈልግ፣ ዘመኑ የጥድፊያ እንደሆነ አስረዳኋቸው። እሳቸውም «አብሽር» ብለው ካርዱን ከመስኮቱ ክፍተት ሰኩት፤ ነፋስ ይገባ ነበርና ጠቀማቸው።

እንግዲህ ወደ ውርደቴ።

እትዬ ዘነቡ ከእኔ ቤት ሁለት መንገድ ከፍ ብለው የሚኖሩ፣ ባላቸው የሞተባቸው፣ ትምህርት ቤቱ አጠገብ የደብተርና የእስክሪብቶ ሱቅ ያላቸው ሴት ናቸው። እድራችን አንድ ነው። ልጃቸው እመቤት ጤና ጣቢያ ነርስ ናት። ከላላ የሚያስተምር አንድ መምህር ወዷት፣ እሷም ወዳው፣ ነገሩ ለወግ ደርሶ ነበር። አንድ ቀን እትዬ ዘነቡ ጠሩኝ።

«አያሌው፣ በሩን ዝጋው» አሉኝ። ዘጋሁት። «ድምፅህንም ዝጋው።»

በሹክሹክታ ነገሩኝ። በጥቅምት ከከላላ ገጠር ሦስት ሽማግሌዎች ልጅቷን ሊጠይቁ መጥተው ነበር፤ መሪያቸው የልጁ አጎት ቄስ መንገሻ ናቸው። እንደ ወጉ፣ «እንምከርበት፣ በጥር ተመለሱ» ተባሉ። መንገዱ ሩቅ ስለሆነ አደሩ። ጠዋት ሲነሡ የቄሱ አንድ ዓይን በእብጠት ተዘግቷል፤ የሁለተኛው ከንፈር ተነፍቷል፤ የሦስተኛው አንገት የአውራጃ ካርታ ይመስላል።

«እንዴት አደራችሁ? ስላቸው ምን ቢሉኝ ጥሩ ነው?» አሉ እትዬ ዘነቡ። «‹እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና አደርን!› በአንድ ዓይናቸው እያዩኝ! ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር፤ ወላሂ ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።»

«እማዬ፣ በሽታ አይደለም፣ ነውር አይደለም፤ ትኋን ነው» አለች እመቤት ከጓዳ።

«አንቺ ዝም በይ! ነርስ ከሆንሽ ወዲህ ነውር የሚባል ነገር የለሽም።» ወደ እኔ ዞሩ። «በጥር ይመለሳሉ፤ ከተመለሱ። እንደገና ከተነከሱ የልጄ ነገር አበቃ። ማን ነው ትኋን ካለበት ቤት ሚስት የሚያመጣ? ስንት ነው የምታስከፍለኝ?»

ካርዴን አወጣሁ። አራት ክፍል። እዚያው በር ላይ ቆሜ ዋጋውን ተናገርኩ።

ሥራ ስጀምር ካርዱን፣ ያንን የስልኩን፣ በአልጋው መጋጠሚያ አሳለፍኩ፤ ንጹሕ ሆኖ ወጣ። በመደቡ ጠርዝ፣ በፎቶግራፉ ጀርባ፣ በጋዜጣው ሥር፣ በምስማር ቀዳዳዎቹ ሞከርኩ። ምንም የለም። ሽማግሌዎቹ ከሄዱ በኋላ እትዬ ዘነቡ ቤቱን በሙሉ በፈላ ውሃ አጥበውታል፤ ግን ትኋን የኖረበት ቤት ቢታጠብም አሻራ ይተዋል። አሻራም አልነበረም። ውሃዬን ጠጥቼ፣ መርቄ መውጣት የነበረብኝ ያን ጊዜ ነው። አልወጣሁም። ዋጋ ተናግሬያለሁ፤ ሴትዮዋ በዓይናቸው ይለምኑኛል፤ ደግሞ ተነክሰው የሄዱ ሦስት ምስክሮች አሉ። ያላየሁትን ረጨሁ። በአሥራ አምስተኛው ቀን ደግሜ ረጨሁ። ከዚያም በፊርማዬ የዋስትና ወረቀት ጻፍኩላቸው። የአጅባሩ አለቃዬ ቢያየው ማኅተም ይመታበት ነበር።

ጥር ደረሰ። ሽማግሌዎቹ በሚመጡበት ዋዜማ በዚያ ሳልፍ ደጃፋቸው ላይ ጋሪ ቆሟል፤ የእድሩ ፍራሽና አግዳሚ ወንበር እየወረደ ነው። ጎረቤት አይደለሁ? ጃኬቴን አውልቄ አንዱን ፍራሽ በራሴ ተሸክሜ አስገባሁ።

«ተባረክ፣ አያሌው» አሉኝ እትዬ ዘነቡ። «ጠዋት ቁርስ ላይ ናልኝ፤ ፊታቸውን አብረን እንይ።»

ሄድኩ። ሽማግሌዎቹ ከእንግዳ ክፍል አንድ በአንድ ወጡ። በዚህኛው ጊዜ የቄስ መንገሻ ሌላኛው ዓይን ነበር የተዘጋው።

«እንዴት አደራችሁ?» አሉ እትዬ ዘነቡ፣ ድምፃቸው እየሞተ።

«እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና አደርን።»

ቁርስ ተበላ። እትዬ ዘነቡ አንድ ጊዜ ብቻ ቀና ብለው አዩኝ፤ ያንን አስተያየት እስከ ዛሬ ከየትኛውም ልብስ ስፌት ውስጥ አራግፌ ማውጣት አልቻልኩም። ሲሰናበቱ ቄስ መንገሻ፣ «ለመልሱ አትቸኩሉ፤ እኛው በስልክ እንጠይቃለን» አሉ። ልጅ የሚጠይቅ ሽማግሌ አትቸኩሉ ካለ መንገዱን እየለቀቀ ነው። እመቤት ሳህኖቹን አንሥታ ወደ ጓዳ ገባች፤ የነርስነት ድፍረቷም አብሯት ገባ።

በቀጥታ ወደ አያ ይማም ሄድኩ። ፀሐይ ላይ ጉልበታቸውን ዘርግተው ተቀምጠዋል። እስከ መጨረሻው ሰሙኝ።

«ካርዱ ጠቆረ?»

«አልጠቆረም።»

«ታዲያ ምንድን ነው የረጨኸው?»

በርጩማ ስቤ አጠገባቸው ተቀመጥኩ።

«ቤቱ ውስጥ የማን ዕቃ ነበር?»

«የማንም አልነበረም።»

«ሰዎቹ ምን ላይ ተኙ?»

«ፍራሽ ላይ።»

«የማን ፍራሽ?»

«የእድሩ... የራሳችን...» አልኩና ቃሉ አፌ ላይ ቀረ።

እድር የማታውቁ አትኖሩም፤ ግን ይህን ልብ በሉ። የእድር ዕቃ በእኛ ዘንድ የተዋሰ ዕቃ አይባልም። ከጎረቤት ድስት ብትወስድ የሰው ድስት ነው፤ የእድሩ ፍራሽ ግን የሁላችንም ስለሆነ የሰው አይደለም። እትዬ ዘነቡ «የሰው ዕቃ ቤትዎ አለ?» ብዬ ብጠይቃቸው ኖሮ እንኳ «የለም» ይሉኝ ነበር፤ አልዋሹም። ያ ፍራሽ ትናንት ለቅሶ ቤት፣ ከትናንት ወዲያ ተዝካር፣ ነገ ክርስትና ነው። ከተማው ውስጥ ከእሱ የበለጠ የሚዞር እኔ ብቻ ነኝ። በጥቅምትም ሽማግሌዎቹ ሊያድሩ ሲሉ ሦስት ፍራሽ መጥቶ ነበር፤ በማግስቱ ተመልሷል። እኔ የረጨሁት ትኋን ኖሮበት የማያውቅ ቤት ነው።

«ፍራሹን ማን አስገባው?» አሉ አያ ይማም።

«...አንዱን እኔ ነኝ።»

እስኪያስላቸው ሳቁ። እንባቸውን ጠረጉና ደግሞ ሳቁ። እኔ ግን ሌላ ነገር ትዝ ብሎኝ አልሳቅሁም። ባለፈው ዓመት የእናቴ ተዝካር ጊዜ እኛም ቤት ስምንት ፍራሽ ተነጥፎ ነበር። ከዚያ ወዲህ እናካለን። ባለቤቴ አስናቀች ከሥራ ይዘህ የመጣኸው ነው ብላ ፈርዳብኝ፣ በየቀኑ ልብሴን በዚያ ብርድ ደጅ እያስወለቀች ነበር የምታስገባኝ። የከተማው ትኋን አጥፊ የራሱን ቤት በድብቅ ሲረጭ ዓመት ሆኖታል።

የእድሩን ሊቀመንበር አቶ ደምሴን ለብቻቸው አነጋገርኳቸው። በመዝገብ ቤት ኖረው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው።

«የእድሩ ንብረት በመዝገብ ተይዟል» አሉኝ። «አርባ ፍራሽ ይላል። ትኋን አይልም።»

«መዝገቡ ባይልም ፍራሹ ውስጥ አለ።»

«ይህ ስም ማጥፋት ነው። ማን ቤት ነው የተገኘ? ስም ጥራ!»

አጣብቂኙ ይኸው ነበር። የእትዬ ዘነቡን ስም ከጠራሁ ወሬው ከላላ ከእኔ ቀድሞ ይደርሳል፤ ካልጠራሁ ፍራሾቹ አይነኩም። ያለኝ ሌላ ስም አንድ ብቻ ነው፤ የራሴ። ትኋን ያለበት ትኋን አጥፊ ደግሞ ጥርስ እንደሌለው የጥርስ ሐኪም ነው። ለአስናቀች ነገርኳት።

«ተናገር» አለችኝ። «ቢያንስ ደጅ ልብስ ማውለቁ ይቀርልሃል።»

እሑድ የእድሩ ስብሰባ ላይ አቶ ደምሴ፣ «ሌላ ጉዳይ ያለው?» ሲሉ ተነሣሁ።

«እኔ ቤት ትኋን አለ» አልኩ። «የገባው ካለፈው ዓመት ተዝካር ጀምሮ ነው፤ ከእድሩ ፍራሽ።»

እትዬ ዘነቡ ከሴቶቹ መካከል ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ያዩኛል። ከዚያ ከኋላ አንዲት አሮጊት፣ «እሰይ! ልጄ በአንሶላዬ ስትጣላኝ የከረመችው ለካ በዚህ ነው!» አሉ። ሳቅ ተነሣ።

«እኛም ቤት አለ» አለ አንድ ባለ ጋራዥ።

«እኛም፤ ከልጄ ክርስትና ወዲህ!»

«እኔ አማቴ ናት ያመጣችው ብዬ ለስድስት ወር አኩርፌያታለሁ!»

«ታዲያ ዛሬውኑ ሂድና ይቅርታ ጠይቃት!»

«ትኋኑ እስኪጠፋ ልቆይ፤ ለማኩረፍ ሌላ ምክንያት የለኝም።»

ሳቁ ሲበርድ ሁሉም ወደ አቶ ደምሴ ዞረ። መነጽራቸውን አወለቁ፤ ጠረጉ፤ መልሰው አደረጉ። «በቃለ ጉባኤ ይያዝልኝ» አሉ። «የሊቀመንበሩም ቤት።»

በማግስቱ የእድሩ ግቢ ሌላ ድግስ መሰለ። በርሜል ውሃ ተጣደ። የፍራሹ ልብስ ሁሉ እየተገፈፈ ተቀቀለ። ስፖንጁ ጥቁር ላስቲክ ላይ ለፀሐይ ተሰጣ። የወንበሮቹ መጋጠሚያ አንድ በአንድ የፈላ ውሃ ጠጣ፤ መጋዘኑ ስንጥቁ ተለስኖ፣ ከደረቀ በኋላ መድኃኒቱን በልክ ረጨሁ። አያ ይማም በባጃጅ መጥተው ወንበር ላይ ተቀምጠው የአግዳሚዎቹን መጋጠሚያ በሙስበሃቸው ይቆጥሩ ነበር። የእድሩ ሴቶች «አላህ ዱዓዎን ይስማልን» እያሉ ሲያልፉ እሳቸውም «አሚን» እያሉ ይቆጥራሉ። ደንብም ወጣ፤ የተመለሰ ዕቃ ሁሉ ሳይቀቀልና ፀሐይ ሳያይ መጋዘን አይገባም።

ከላላ ግን ዝም እንዳለ ነው። ስልክ አልተደወለም። ያኔ እትዬ ዘነቡ እኔ የማልደፍረውን አደረጉ። ሱቃቸው ውስጥ፣ እኔና እመቤት እየሰማን፣ ለቄስ መንገሻ ደወሉ።

«አባ» አሉ፣ «ሁለቱንም ጊዜ ደህና አላደራችሁም። አውቃለሁ።»

የቄሱ ድምፅ በስልኩ ወጣ።

«ልጄ... ከጋቢያችን ውስጥ አግኝተነው እኮ ነው። እኛ ይዘንባችሁ የመጣን መስሎን! ‹የሰው ቤት አበላሽተን በምን ዓይናችን እንመለሳለን› ብለን አፍረን ነው የቀረን።»

እመቤት መሬት ላይ ቁጭ ብላ ሳቀች። እናቷ አንድ እጃቸው ስልኩ ላይ፣ አንድ እጃቸው ዓይናቸው ላይ ነበር። ሁለት ቤት፣ እያንዳንዱ ጥፋቱ የእኔ ነው ብሎ፣ በጨዋነት ሊለያይ ነበር። ስለ ጨዋነት ብዙ የተጻፈ አንብቤያለሁ፤ እንዲህ ያለ ጉዳት እንደሚያደርስ የጻፈ ግን አላጋጠመኝም።

ዐቢይ ጾም ሳይገባ ሽማግሌዎቹ ለሦስተኛ ጊዜ መጡ። የእድሩ ፍራሽ ተነጠፈ። አያ ይማም፣ «በሠራኸው ላይ ተኛበት» ብለው ስላዘዙኝ እኔም በአራተኛው ላይ አብሬያቸው አደርኩ። ጠዋት እትዬ ዘነቡ በሩ ላይ ቆመው ጠየቁ።

«እንዴት አደራችሁ?»

ቄስ መንገሻ መልስ ከመስጠታቸው በፊት እጅጌያቸውን እስከ ክርናቸው ሰበሰቡ፤ ሁለት ክንዳቸውን አገላብጠው አሳዩ፤ አንገታቸውንም ወደ ብርሃኑ አዞሩ።

«እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና አደርን» አሉ። «ዛሬ እንኳ ከልቤ ነው።»

መልሱ የተሰጣቸው ያን ጠዋት ነው። ሰርጉ ከፋሲካ በኋላ ሆነ። የእትዬ ዘነቡን ገንዘብ መለስኩ፤ የዋጋ ካርዴን ከቴሌግራም አወረድኩ። በአያ ይማም መስኮት ያለው ብቻ ቀርቷል፤ ነፋስ ስለሚከላከል አልጠየቅኳቸውም።

ሐኪሙ ዘንድ ከመሄዴ በፊት የሠራሁት የመጨረሻ ቤት ከላላ ነው። ሁለት ጊዜ በጋቢ ተጉዞ የሄደው ትኋን እዚያ ዘር አፍርቶ ነበር። ቄስ መንገሻ ደጃቸው ላይ ጠብቀውኝ፣ ገና ከበቅሎ ሳልወርድ፣ «እህስ፣ ስንት ታስከፍለኛለህ?» አሉኝ።

«ውሃ አለ?» አልኳቸው።

ጠጣሁ። ጫማዬን አውልቄ ገብቼ በርጩማ ላይ ተቀመጥኩ። «አባ፣ መቁጠሪያዎን ቢያውሱኝ» አልኩ። ደስ ብሏቸው ከአንገታቸው አውልቀው ሰጡኝ። ግድግዳውን ከጥግ ጀመርኩ። ቄሱ ወደ ባለቤታቸው ጠጋ ብለው፣ «አየሽ? ሳይጸልይ ሥራ አይጀምርም» ሲሉ ሰማኋቸው። ላርማቸው አሰብኩ። ግን ሠላሳ ሰባተኛው ላይ ደርሼ ነበር፤ ከተናገርኩ ቁጥሩ ይጠፋብኛል።